የደጁ ጠመንጃ የማን ነው?

ከእኔ የለመዳችሁት ግጥም ነው፡፡ ዛሬ ግን በግጥም ብቻ የማይወጣልኝ ሙግት ይዤ መጥቻለሁ፡፡

ባለፈው ሳምንት ልጄ አንደኛ ክፍል በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፡፡ ከአማን ጋር ተዳብላ ዛሬ ሚዛን አማን የምትባለው ሚዛን ተፈሪያችን የለመደችውን ዝናብ እያወረደች ስለነበር፣ የቆርቆሮው ጩኸት ግማሹን ንግግር ይውጠዋል፡፡ ስለ አጥሩ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት ከተነጋገርን በኋላ ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አዛውንት የቡና ነጋዴ ተነሡ፡፡ ‹‹መሣሪያ ያለን አባቶች በፈቃደኝነት ተራ ገብተን የልጆቻችንን ደጅ እንጠብቅ፡፡ ክፍያ አንጠይቅም፡፡ ክፉ ቀን መንግሥት እስኪደርስ አይጠብቅም›› አሉ፡፡ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፡፡ እኔም እጄን አወጣሁ፤ ስነሣ ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፡፡ ‹‹ይህስ አይሆንም›› ብቻ ብዬ ተቀመጥሁ፡፡ አንዳንዶች ሣቁ፡፡ ያን ዕለት ያልተናገርሁትን እነሆ ዛሬ እጽፈዋለሁ፡፡

አስቀድሜ ግን ለጋሼ የሚገባቸውን ልስጥ፡፡ ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም፡፡ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እዚሁ ቤንች ሸኮ ዞን፣ ጉራፈርዳ ወረዳ ውስጥ ታጣቂዎች በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎችን ገድለዋል፤ ብዙዎችም ቤታቸውንና ማሳቸውን ጥለው ሸሽተዋል፡፡ ቴፒም በ1994 ዓ.ም. ደም ያየች ከተማ ናት፤ በ2011 ዓ.ም. ሁከትም ልጆቿ ከትምህርት ገበታ ተለይተው ከርመዋል፡፡ በጎረቤታችን ጋምቤላ ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን ይዘው እንደሄዱ ማን ይረሳል? ‹‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ›› የሚለው ተረት ለጸጥታ ኃይሎቻችን የተተረተ እስኪመስል ድረስ ዘግይተው የደረሱባቸውን ቀናት ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ስለዚህ የሚፈራውን ወላጅ አልነቅፍም፤ እኔም ወላጅ ነኝ፤ እኔም እፈራለሁ፡፡ የምሟገተው ከፍርሃቱ ጋር ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር ነው፡፡

የምሠራው ባንክ ቤት ነው፡፡ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ክላሽንኮቭ ያነገተ ዘበኛ ቆሞ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፡፡ ስለዚህ ጠመንጃ ሲያይ የሚደነግጥ ተብዬ አልታማም፡፡ ነገር ግን ያ ጠመንጃ እንዴት እንደሚተዳደር ላውጋችሁ፡፡ ዘበኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ሲቀጠር ዋስ ጠርቷል፡፡ ፈረቃ ሲለዋወጡ የመሣሪያው ቁጥርና የጥይቱ ብዛት በመዝገብ ይሰፍራል፤ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ፡፡ ጠጥቶ ቢመጣ አይረከብም፤ ከደንበኛ ጋር ቢጣላ ይጠየቃል፤ ሥራውን ቢለቅ ጠመንጃው አብሮት አይሄድም፡፡ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምንድን ነው? ለወረቀት! ቢጠፋ ለሚተካ ወረቀት! ለማይተኩት ልጆቻችን ግን መዝገብ የሌለው፣ ርክክብ የሌለው፣ ማን እንደያዘው እንጂ ማን እንደሚያዝዘው የማይታወቅ ጠመንጃ ልናቆም ነው፡፡ ‹‹ክፍያ አንጠይቅም›› የሚለው ቃል ከጭብጨባው መካከል እኔን ያስደነገጠኝ ለዚህ ነው፡፡ ክፍያ የማይጠይቅ ጠባቂ፣ እርሱም አይጠየቅም፡፡

ይህ ሐሳብ ከእኛ መንደር የተወለደ አይደለም፡፡ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 2012 አንድ ወጣት ሳንዲ ሁክ በተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትንና 6 ሠራተኞችን በገደለ በሳምንቱ፣ የአገሪቱ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር በየትምህርት ቤቱ የታጠቀ ሰው ይቁም ሲል ጠየቀ፡፡ በጥር 2013ም በአሪዞና ክፍለ ግዛት የማሪኮፓ ሸሪፍ ፈቃደኛ ሲቪሎችን በትምህርት ቤቶች ዙሪያ አሰማራ፡፡ ከዚያ ወዲህ ምን ታየ? በ2018 ፓርክላንድ ፍሎሪዳ 17 ሰዎች ሲገደሉ፣ በግቢው የተመደበው የታጠቀ የፖሊስ አባል ከሕንጻው ውጭ ቆሞ ቀርቷል፡፡ በግንቦት 2022 ዩቫልዴ ቴክሳስ ውስጥ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሲያልቁ፣ 376 የጸጥታ አባላት ወደ ስፍራው መጥተው ገዳዩ እስኪወድቅ 77 ደቂቃ ፈጅቷል፡፡ እነዚህ የሠለጠኑ፣ የሚከፈላቸው፣ አዛዥ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፡፡ እውነቱን ላለመሸሸግ፣ በመስከረም 2024 ጆርጂያ ውስጥ አፓላቺ በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመደቡ ፖሊሶች ተኳሹን ፊት ለፊት ገጥመው እጁን እንዲሰጥ አድርገዋል፤ አራት ሰዎች ግን ከዚያ በፊት ሞተው ነበር፡፡ እንግዲህ የሠለጠነ ፖሊስ አንድ ጊዜ ይሳካለታል፣ አንድ ጊዜ ይሳነዋል፡፡ በሳምንት አንድ ቀን ከሱቁ ተነሥቶ የሚመጣው አባት ከፖሊሱ ይሻላል ብሎ የሚያሳምነኝ ማን ነው?

ወደ ሰፈራችን ቀረብ እንበል፡፡ በኬንያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2015 የአልሸባብ ታጣቂዎች ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲን ወርረው 148 ሰዎች ገደሉ፡፡ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፡፡ በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ናይሮቢ በሚገኘው ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ ለጥንቃቄ ተብሎ የጥቃት ልምምድ ተደረገ፤ የተኩስ ድምፅም ተሰማ፡፡ ተማሪዎችና ሠራተኞች እውነተኛ ጥቃት መስሏቸው ከፎቅ ዘለሉ፤ ብዙዎች ተጎዱ፤ አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሕይወቷ አለፈ፡፡ ያን ዕለት ጠላት አልመጣም ነበር፡፡ የመጣው ፍርሃት ነበር፤ ከፍርሃቱ ጋር ተኩስ ተገናኘ፤ ሰው ሞተ፡፡

እስካሁን ያልሁት ለማንኛውም አገር ይሠራል፡፡ የእኔ ትልቁ ምክንያት ግን እዚሁ፣ በቡናው ምድር ነው፡፡ ብቻውን ጠመንጃ ይዞ ክፍል ውስጥ የሚገባ ጎረምሳ የአሜሪካ ስጋት ነው፡፡ የእኛ ስጋት ሌላ ነው፤ የጎልማሶች ጠብ፣ የመሬትና የወሰን ጠብ፣ የብሔር ጠብ አጥሩን ዘልሎ ወደ ልጆቹ እንዳይገባ ነው የምንፈራው፡፡ በልጄ ክፍል ውስጥ የቤንች ልጅ አለ፤ የሸኮ፣ የካፋ፣ የመኤኒት፣ የአማራ፣ የኦሮሞ ልጅ አለ፡፡ በአንድ ወንበር ሦስት ሆነው ተጣብቀው ይቀመጣሉ፡፡ አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ፤ ሰኞ በደጁ ጠመንጃ ይዞ የሚቆመው የማን አባት ነው? ለአንዱ ልጅ አባቱ ነው፤ ለሌላው ልጅ ግን ባለፈው ጊዜ አባቱን ያሳደደው ወገን ነው፡፡ ማክሰኞ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፡፡ ‹‹የእነርሱ ሰው በር ላይ ነው፤ ዛሬ አልልክም›› የሚል ወላጅ ሲመጣ በዚያን ቀን ትምህርት ቤቱ ያለ አንዲት ጥይት ተዘግቷል፡፡

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ዛሬ ምዕራብ ኦሞ ወደሚባለው ዞን ተመልከቱ፡፡ ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት የተነሣ ክላሽንኮቭ በ1980ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ድንበር እየተሻገረ ወደ ሱሪ ምድር ጎረፈ፡፡ የሱሪ ሰው መሣሪያውን የያዘው ከብቱን ከጎረቤት ወራሪ ለመጠበቅ ነው፡፡ በጦርና በዱላ ዘመን ሽማግሌ የሚያበርደው ጠብ ግን በጥይት ዘመን ሽማግሌውን ጥሎት ሄደ፤ የዲዚ ጎረቤቶቹም ብዙ ሰው አጡበት፡፡ ሁሉም ‹‹ለጥበቃ›› ብሎ የያዘው ጠመንጃ ሁሉንም ጥበቃ የሚያሻው አደረገ፡፡ ከዚያም በፊት፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ የማጂና የጊሚራ ሕዝብ በባሪያ ፈንጋይ ጠመንጃ ፊት እንዴት እንደተመናመነ አያቶች ለልጅ ልጆች አውርሰውታል፡፡ በዚህ ምድር ጠመንጃ ትዝታ አለው፡፡ የያዘው ይረሳው ይሆናል፤ አፈሙዙ የዞረበት ግን አይረሳም፡፡

ደግሞ የወቅቱን ነገር አስቡት፡፡ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ሲደርስ እዚህ አገር ማን ከተማ ውስጥ ይውላል? ባለ ማሳው ወደ ማሳው፣ ነጋዴው ወደ ግዢው ነው፡፡ ለሰላም ወር የተደለደለው ተራ በቡናው ወር ይፈርሳል፡፡ ያን ጊዜ በደጁ የሚቀረው ማን ነው? ሥራ የሌለው፣ ወይም ጠመንጃ ይዞ መቆምን ራሱን የወደደ ሰው ነው፡፡ ከሁለቱም ይሰውረን!

‹‹አንተ ባንከኛ፣ እንግዲያስ ተኳሽ ቢመጣ በግጥም ልትመክተው ነው?›› የሚል እንዳለ አውቃለሁ፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ ያ ክፉ ቀን ከመጣ፣ ባዶ እጅ ብዙ እንደማያደርግ አልክድም፡፡ ነገር ግን ሒሳብ ሥራዬ ነውና ልቁጠር፡፡ ሊመጣም ላይመጣም ለሚችል አንድ ቀን ስንል፣ ልጆች በሚማሩባቸው ቀናት ሁሉ የተጎረሰ ጠመንጃ በመካከላቸው እናቆማለን፡፡ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ሰው ይናደዳል፣ ሰው ይጠጣል፣ ሰው ያንቀላፋል፣ ልጅ ደግሞ ያየውን መንካት ይወዳል፡፡ አንዱን ቀን የሚያስፈራራኝ ሰው የቀሩትን ቀናትም አብሮ ይቁጠርልኝ፡፡

የምጠይቀው ዝም ብሎ መቀመጥን አይደለም፡፡ አጥሩ ይታጠር፤ በሩ አንድ ይሁን፤ ልጅ የሚያደርሰውና የሚወስደው ሰው ስሙ ይመዝገብ፡፡ ጠመንጃ የግድ ከሆነ፣ ደመወዝ ያለው፣ መዝገብ ያለው፣ ሲያጠፋ የሚጠየቅ ፖሊስ ከግቢው ውጭ ይመደብልን፤ ይህንንም የምንጠይቀው እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ግብር ከፋይ ነው፡፡ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን በምዝገባና በፈቃድ ሥር ያደረገው፣ ኃላፊነቱ ለየመንደሩ እንዳይበተን ነው፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ የየብሔረሰቡ ሽማግሌዎች በአንድነት ተቀምጠው ‹‹ማንም ከማንም ቢጣላ፣ ጠቡ ከዚህ ደጅ አያልፍም›› ብለው ይማማሉ፡፡ መሐላ በዚህ አገር ከጥይት የሚበልጥበት ጊዜ እንደነበር ጋሼም ያውቃሉ፤ ብዙ ጠብ እርስዎ ራስዎ አስታርቀዋልና!

ጋሼ፣ በፈቃደኝነት እንቁም ካሉ እኔም እቆማለሁ፡፡ ባንክ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ተራዬን ጠብቄ፣ ከእርስዎ ጎን እቆማለሁ፡፡ እርስዎ የቤንቹን ልጅ በስሙ ይጥሩት፤ እኔ የእርስዎን የልጅ ልጅ እጁን ይዤ መንገድ አሻግረዋለሁ፡፡ ጠመንጃዎን ግን፣ እባክዎ፣ ከቤት ይተዉት፡፡ ልጆቹ ሁላችንንም በአንድ ዐይን ማየት የሚችሉት እጃችን ባዶ ሲሆን ብቻ ነው፡፡

ግጥም የለመዳችሁትን ደግሞ እንዲሁ አላሰናብታችሁም፤

ልጄ በማለዳ ደብተሯን አንግባ፣
ከጓዶቿ ጋራ በደጁ ስትገባ፣
ስሟን ያወቀ ሰው ‹‹ደኅና ዋይ›› ይበላት፤
ከአፈሙዙ በፊት ፊደሉ ይብራላት፡፡