የሳፋሪ ጉዞ ሲታሰብ ሒሳቡ ከትንሹ ልጅ ይጀመር

በዛሬው ዓምዳችን ከዘወትሩ የቤት ጣጣ ትንሽ ራቅ ብለን፣ ወደ ደቡባዊው አፍሪካ ስለሚደረግ የዱር አራዊት ጉብኝት እንወያያለን። መንገዱ ራቀ እንጂ ከቤተሰብ ጉዳይ አልወጣንም። ውጭ አገር ሠርቶ የሚያድር ልጅ እናቱንና አባቱን፣ አንዳንዴም እህቱን ከነልጆቿ «አንድ ጊዜ ጥሩ ቦታ ላሳርፋችሁ» ብሎ መጋበዙ እየተለመደ መጥቷል። ለጋብቻቸው 25ኛ ዓመት ብለው ለብዙ ጊዜ የሚቆጥቡ ባልና ሚስትም አሉ። እንዲህ ያለ ወጪ በዕድሜ አንዴ የሚወጣ ነውና፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከመክፈል በፊት ማወቅ ያለብንን እንመልከት።

«ሳፋሪ» በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ነው። የቅንጦት ሳፋሪ የሚሸጡ ድርጅቶች ሥዕላቸው ዓይን ይስባል፤ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት ሰፊ ድንኳን፣ ከደጁ ውሃ የሚጠጣ ዝሆን፣ በጀምበር ግባት የተዘረጋ ማዕድ ይታያል። ሥዕሉ የማይነግረን ግን አለ። የ4 ዓመት ልጃችሁ በዚያ መኪና ላይ ይሳፈራል ወይ? ነፍሰ ጡሯ እህታችሁ በዚያ ድንኳን ብታድር ያሠጋታል ወይ? ይህንን የዋጋው ከፍታም አይመልስም። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሎጁ ሥዕል የሚጀምረውን ዕቅድ እኛ ከሌላው ጫፍ እንጀምረው፤ ከቤተሰቡ ትንሽ ልጅና ከደካማው ሰው።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ማን እንደሚሄድ ነው። በሳፋሪ ማረፊያዎች ቀኑ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ግድም ነው። እንግዶች ጣራውና ጎኑ ክፍት በሆነ መኪና ወጥተው ሦስትና አራት ሰዓት ያህል አራዊት ሲፈልጉ ይቆያሉ፤ ተመልሰው ቁርስ በልተው ያርፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዳግመኛ ወጥተው ሲመሽ ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። አንበሳና ዝሆን መኪናውን ከነተሳፋሪው እንደ አንድ አካል ስለሚያዩት ብዙ ጊዜ አይደነግጡም። ልጅ ብድግ ብሎ ቢጮህ ወይም ቢወርድ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ብዙዎቹ ሎጆች ከ6 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በዚህ መኪና እንዳይወጣ የሚከለክሉት ስለዚህ ነው። በእግር ለሚደረገው ጉብኝት ደግሞ ገደቡ 12፣ አንዳንድ ቦታም 16 ዓመት ነው። ከዚህም ሌላ ከውዶቹ ማረፊያዎች አብዛኛዎቹ አጥር የላቸውም፤ ሲመሽ ከክፍል ወደ ማዕድ ቤቱ ያለ አጃቢ አይኬድም። ሮጦ የማይጠግብ ልጅ ያላት እናት በዚያ ቦታ እንቅልፍ አይኖራትም። እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የዕድሜው ገደብ ስንት ነው? ግቢው አጥር አለው? ለቤተሰብ ብቻ የሚሰጥ መኪና አለ ወይ? የመጨረሻው ልጅ ያልደረሰ እንደሆነ፣ ጉዞውን ሁለት ዓመት ማቆየት ገንዘቡን ከማባከን ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ወባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ልጆቻችን ከወባ ጋር እምብዛም አይተዋወቁም፤ ወደ ቆላ ሲወርዱ በቀላሉ የሚጎዱትም ስለዚህ ነው። በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ፣ በቦትስዋና የኦካቫንጎና የቾቤ አካባቢዎች፣ እንዲሁም በዚምባብዌ የቪክቶሪያ ፏፏቴ አካባቢ ወባ ያለባቸው ናቸው። በክሩገር ሥጋቱ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ በደረቁና በብርዳማው ወራት ቢቀንስም አይጠፋም። የዓለም የጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች ወባ ወዳለበት አካባቢ ባይሄዱ ይመክራል፤ በነፍሰ ጡር ላይ በሽታው ስለሚጸና እናቲቱንም ፅንሱንም ለአደጋ ይጥላልና። መከላከያ መድኃኒቶች ቢኖሩም ሁሉም ለሁሉም አይሆኑም። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው፣ ለምሳሌ፣ ለመከላከያነት ለነፍሰ ጡርም ለትንንሽ ልጅም አይመከርም። ስለሆነም ጎረቤት የዋጠውን ከመዋጥ ይልቅ ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ከተመለሳችሁ በኋላም በቀጣዮቹ ወራት ትኩሳት የያዘው ሰው ቢኖር «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትለፉት። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የት እንደነበራችሁ ንገሩት።

ይሁን እንጂ ወባ ስላለ ሳፋሪው ይቅር ማለት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ወባ የሌለባቸው ጥሩ ጥሩ ጥብቅ ሥፍራዎች አሉ። በሰሜን ምዕራብ ማዲክዌና ፒላንስበርግ፣ በምሥራቅ ኬፕ ደግሞ አዶ የዝሆኖች ብሔራዊ ፓርክ ይገኛሉ። አዶ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲቋቋም በአካባቢው የቀሩት ዝሆኖች 11 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ600 በላይ ሆነዋል። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ የሐሳብ ዕረፍት ነው። በማዲክዌ ዝሆንም፣ አንበሳም፣ ጎሽም፣ አውራሪስም፣ ነብርም አሉ፤ የቅንጦቱም ሎጅ ሞልቷል።

ሦስተኛው ወቅት ነው። እዚህ ላይ ቃል እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ በደቡባዊው አፍሪካ መሐል አገር ግን በእነዚያው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ብርዱ ይጠነክራል እንጂ ዝናብ የለም። ሣሩ ይደርቃል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ አራዊቱ በየውሃው ዳር ይሰበሰባሉና በቀላሉ ይታያሉ። በናሚቢያ በሚገኘው የኤቶሻ ፓርክ ከውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚመጣውን መጠበቅ ብቻ በቂ የሚሆነው ያኔ ነው። የኦካቫንጎ ነገር ደግሞ ያስደንቃል። በአንጎላ ከፍተኛ ቦታዎች የዘነበው ዝናብ ለወራት ሲጓዝ ቆይቶ ቦትስዋና ሲደርስ እዚያ በጋ ነው፤ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ ኦካቫንጎ ይሞላል፤ አራዊቱም ወደዚያው ይጎርፋሉ። የእኛ ተማሪዎች የሚያርፉትም በዚሁ ጊዜ ነው። ይህ ይመቻል፤ ነገር ግን የዓመቱ ከፍተኛ ዋጋ የሚጠየቀውም ያኔ ነው፤ ቦታውም ቀድሞ ያልቃል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የዝናብ ወቅት ዋጋው ይቀንሳል፤ አገሩ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ኢምፓላ የሚባሉት ሚዳቋ መሰል አራዊት በኅዳርና በታኅሣሥ ይወልዳሉ። በአንጻሩ ሣሩ አራዊቱን ይሸፍናል፤ ወባውም ይበረታል። ልጅ የሌላቸው ጎልማሶች ይህን ቢመርጡ ይጠቀማሉ፤ ሕፃን የያዘች እናት ግን ቅናሹን ብቻ ተመልክታ መወሰን የለባትም።

አራተኛው ዋጋው ነው። በኦካቫንጎ የቅንጦት ማረፊያዎች በደረቁ ወቅት ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። አራት ጎልማሶች አራት ሌሊት ቢያድሩ የአውሮፕላኑ ጉዞ ሳይታሰብ ከ16,000 ዶላር በላይ ሆነ ማለት ነው። የቦትስዋና መንግሥት ጎብኚው እንዲያንስ፣ ገቢው ግን ከፍ እንዲል አስቦ የሚከተለው መመሪያ አለና፣ ውድነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ታዲያ በዚህ ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው? ክሩገርን እንውሰድ። ከክሩገር በስተምዕራብ ሳቢ ሳንድ የሚባል የግል ጥብቅ ሥፍራ ይገኛል። በሁለቱ መካከል የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ተነሥቷል። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት በሳቢ ሳንድ በውድ ዋጋ የታየው አንበሳ፣ ነገ በክሩገር በቤተሰብ መኪና ለሚዞረው ሰው ሊታይ ይችላል። በሳቢ ሳንድ የሚከፈለው ለአራዊቱ ሳይሆን ዱካ ለሚያነብ ባለሙያ፣ ከመንገድ ወጥቶ ለመጠጋት፣ በአንድ አንበሳ ዙሪያ ብዙ መኪና እንዳይከማች፣ ለምግቡና ለአልጋው ነው። ይህ ለደከመ ሰው ዋጋ የለውም አንልም። ነገር ግን ሁለት ሌሊት በግል ሎጅ፣ የቀረውን ደግሞ እንደ ስኩኩዛ ባሉት የክሩገር ማረፊያ ሠፈሮች ያሳለፈ ቤተሰብ ሁለቱንም ያገኛል፤ ወጪውም በእጅጉ ይቀንሳል። የስኩኩዛ ሠፈር አጥር ያለው በመሆኑ ለልጆችም ይመቻል።

ሒሳብ ስትጠይቁም ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ አስገልጹ። የፓርክ መግቢያ፣ የትንንሽ አውሮፕላኖች ትኬት፣ መጠጥ፣ ለአስጎብኚና ለሠራተኞች የሚሰጥ ጉርሻ፣ የታመመን ሰው በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መድን ውስጡ አሉ ወይስ የሉም? ሎጆቹ ከከተማ የራቁ ናቸውና፣ ከሁሉም ይልቅ መድኑ እንዳይዘነጋ።

አምስተኛው፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ የማን እጅ እንደሚገባ ነው። በኦካቫንጎ የሞሬሚ ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው በባታዋና ሕዝብ ውሳኔ ነው። ያን ጊዜ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በልጃቸው ስም ሕዝቡን ያስተዳድሩ የነበሩት ወይዘሮ ፑላኔ ሞሬሚ ሲሆኑ፣ ምክንያቱም አደኑ ልክ አጥቶ አራዊቱ እያለቁ መሄዳቸው ነበር። በሰሜን ክሩገር የማኩሌኬ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1969 ከመሬቱ በግድ ተነሥቶ፣ በ1998 መሬቱን በሕግ አስመልሷል፤ ተመልሶም ሊያርሰው ሳይሆን ለአራዊት ትቶት ከሎጆች ገቢ ለማግኘት መርጧል። በክሩገር አጠገብ በባሉሌ «ጥቁር ማምባ» የሚባለው፣ አብዛኞቹ አባላቱ ሴቶች የሆኑበት የጥበቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ተቋቁሟል። እነዚህ ሴቶች መሣሪያ ሳይዙ አጥር እየፈተሹና ወጥመድ እየለቀሙ አውራሪስን ከአዳኝ ይጠብቃሉ። በቦትስዋናም ቾቤ ጌም ሎጅ ሴቶችን ብቻ በአስጎብኚነት በማሠማራት ስሙ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስት አገሮች በተደረገው ቆጠራ በቦትስዋና ከ130,000 በላይ ዝሆኖች ተገኝተዋል። ከእነዚህ ዝሆኖች አንዳንዶቹ ከገበሬ ማሳ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ገበሬዋ ከጎብኚው ምንም ካላገኘች፣ ማሳዋን የረገጠውን ዝሆን የምትወድበት ምክንያት የላትም። ስለዚህ «ሠራተኞቻችሁ ከየት ናቸው? የአካባቢው ሕዝብ ከኪራዩ ምን ያገኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሎጅ ሲጠየቅ በደስታ ይመልሳል።

በመጨረሻም ሰነድና ጓዝ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ ደቡብ አፍሪካ ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት መከተቡን የሚያሳየውን ቢጫ ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንዴ የተሰጠው ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥተው አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቀው የሚሄዱትም ይህ ይመለከታቸዋል። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ለያዘ ለደቡብ አፍሪካ ቪዛ ያስፈልጋል። ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ አንዱ ወላጅ የማይሄድ ከሆነም የፈቃድ ደብዳቤውን መያዝ ከችግር ያድናል። ወደ ኦካቫንጎ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ከ20 ኪሎ የማይበልጥ ጓዝ፣ ያውም በለስላሳ ቦርሳ ብቻ ስለሚቀበሉ፣ ጠጣሩን ሻንጣ እቤት ተዉት። የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራልና ሹራብ፣ ኮፍያና የልጆች ጓንት አይረሳ፤ ጋቢም ቢሆን በክፍት መኪና ላይ ያገለግላል። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስ በዚምባብዌ ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ለወጣት ልጆቻችሁ ሻንጣ ሲዘጋጅ እዩላቸው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ወጪው በእናንተም ይሁን በልጃችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ያስፍር፦ ማን ይሄዳል? ወባ አለ ወይ? መቼ ይሻላል? የምንከፍለው ለምኑ ነው? ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል? መልሱ ሲሟላ ሎጁን መምረጥ ቀላል ይሆናል። የሚጋብዛችሁ ልጅም «ከሁሉ ውዱን ፈልጌላችኋለሁ» ቢላችሁ፣ ምስጋናችሁን አስቀድማችሁ ወረቀቱን አሳዩት።