«ስሜን እንዳትጠሪ»

ባለፈው ደመራ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ካሉት ቤተ ክርስቲያኖቻችን በአንዱ ግቢ፣ አንዲት ወጣት መቅረጫ ይዛ ከሰው ሰው ስትዞር ነበር። እዚሁ የተወለደች የኛው ልጅ ናት። አማርኛዋ ትንሽ ይሰባበራል እንጂ ጋሼና እትዬ ማለቱን አሳምራ ታውቃለች፤ ነጠላዋንም እንደ ወጉ መስቀለኛ አጣፍታለች። ለአካባቢው የሕዝብ ሬድዮ ስለ ከተማው ሰፈሮች አንድ ዝግጅት እያሰናዳች ነበር። ጥያቄዎቿ ቀላል ናቸው፦ እዚህ ከተማ መቼ ገቡ? መጀመሪያ የተከራዩት የት ነበር? ከማን ጋር? ጎረቤትዎስ ማን ነበር? ፖለቲካ የለበት፣ ዘር የለበት፣ የወረቀት ጉዳይ የለበት።

አንዱ «እኔ ሚዲያ አልወድም» ብሎ ፊቱን አዞረ። አንዲት እናት «እነዚያን የተማሩትን ጠይቂ፣ የኔ ልጅ» ብለው ወደ ሌላ መሯት። የተማሩት ደግሞ ወደ ኮሚቴው ላኳት። የኮሚቴው ሰው ስለ ሀገራችን የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ረጅም ንግግር አደረገላት፤ ሠላሳ ዓመት ስለኖረበት ሰፈር ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደህና አድርገው የጀመሩላት አንድ እናት ብቻ ነበሩ። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሌሊት ሌሊት ሲሠሩ፣ ጎረቤታቸው የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ልጆቻቸውን ያለ አንድ ሳንቲም ያሳድሩላቸው እንደነበር መናገር ጀምረው ነበር። አጠገባቸው የቆመው ወንድማቸው በዓይኑ ጠቀሳቸው። ወዲያው «ስሜን እንዳትጠሪ፤ ድምፄንም አጥፊው» አሏት። አጠፋችው።

ዝግጅቱ ሲተላለፍ አዳመጥኩት። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ፀጉር አስተካካይ፣ በኤፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ጊዜ ፎርቲንዝ ስትሪት ሲቃጠል ያየውን ይተርካል። አንዲት የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ማውንት ፕለዛንት ላይ ፑፑሳ እየሸጠች ልጆቿን እንዴት እንዳሳደገች እየሳቀችም እያለቀሰችም ትናገራለች። ከኛ በኩል የገባው የቡና መቁላት ድምፅና እንጀራ በጣም እንደሚወድ የሚናገር የአንድ ደንበኛ አስተያየት ነው። ደንበኛውም ሐበሻ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ስም፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ትዝታ አልተሰማም። ልጅቷ ምን ታድርግ? የሰጠናትን ነው ያስተላለፈችው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ «ፈረንጆቹ የሚያውቁን በምግብ ብቻ ነው» ብለን እንማረራለን። ሌላ ምን ነገርናቸው?

ይህ ዝምታ ከዚህ በፊትም ዋጋ አስከፍሎናል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሾው ሰፈር የናይንዝ ስትሪትን አንድ ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሐሳብ ሲነሣ አጥብቀው የተቃወሙት ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው፤ ከ1968ቱ ቃጠሎ በኋላ ባለሀብቱ ሁሉ ጥሎት ሲሸሽ እነሱ አልሸሹም። ቅሬታቸው ይገባኛል። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የኛ አቀራረብ ነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ በ2002 ተፈቅዷል፣ ባዶ ሱቆችን አድሰን ከፍተናል፣ ግብር እንከፍላለን፤ በዚያ ክርክር ከኛ ሰዎች አፍ የሰማሁት ይኸው ነበር። የነጋዴ ክርክር ነው። ልጆቻችንን ስላሳደሩልን አሮጊት፣ የመጀመሪያውን ክረምት ካፖርት ስላዋሰን ጎረቤት፣ አብረን ስላለቀስንበት ቀብር በአደባባይ የተናገረ ሰው አልሰማሁም። ጎረቤት ሆነው ሳሉ እንደ ነጋዴ ብቻ ቀርበው የሰፈር ስም ለሚጠይቁ ሰዎች ማን እሺ ይላል?

የታክሲ ነጂዎቻችን ነገር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ያንገበግበኛል። በዚህ ከተማ የሕዝብ ሬድዮን ከሐበሻ ታክሲ ነጂ የበለጠ ማን አድምጧል? 88.5ን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ከፍቶ እንግሊዝኛውን ያቃና፣ በከተማው ምክር ቤት ማን ምን እንዳለ ከተሳፋሪው በፊት የሚያውቅ፣ የአዘጋጁን የኮጆ ናምዲን ድምፅ እንደ ዘመዱ ድምፅ የለመደ ስንቱ ነው። ኮጆ ከጋያና የመጣ ስደተኛ ነው። በኋላ በስሙ የተጠራውን የየዕለት ዝግጅት ከ1998 እስከ 2021 ሲመራ የከተማው ሰው ሁሉ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ አውቶቡሱ እየደወለ ተናግሯል። የኛ ሰው በየታክሲው ያደምጣል፤ አንዳንዴ ብቻውን በአማርኛ መልስ ይሰጣል፤ ስልኩን ግን አያነሣም።

እስቲ አስቡት። ከተማው በ2008 የዞኑን ታሪፍ ሽሮ ሜትር ሲያስገባ ኑሮው የተናጋው የማን ነው? ሥራ ያቆሙት፣ ሰልፍ የወጡት እነማን ናቸው? አራት ዓመት ሳይሞላ ኡበር ሲመጣ በቁጠባ የተገዛ መኪና ይዞ የቀረው ማን ነው? ያን ጊዜ ከአንድ የቆየ ነጂ ጋር ዩኒየን ስቴሽን ተራ ይዘን ስናወራ፣ የልጁን የኮሌጅ ክፍያ በየትኛው መንገድ ላይ በየትኛው ሰዓት ሠርቶ እንዳሟላ በዝርዝር ነገረኝ። ሌሊት ያሳፈራቸው ነርሶች፣ ያመለጠው ዝርፊያ፣ ሒሳብ የከለከለው ሰካራም፣ ከዓመት በኋላ ይቅርታ ብሎ የከፈለው ያው ሰካራም። ማንም ጋዜጠኛ ደሞዙን ሰጥቶ የሚፈልገው ታሪክ ነው። «ለምን ለሬድዮ አትናገረውም?» ስለው «ተወኝ ወንድሜ፣ ሀገር ቤት ይሰማል» አለኝ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. የስድሳዎቹን ባለሥልጣናት መገደል ከሬድዮ የሰማ፣ ቀበሌ ተጠርቶ የተመረመረ፣ በጆሮ ጠቢ ወንድሙን ያጣ ትውልድ ማይክሮፎን ሲያይ ቢሸሽ አልፈርድበትም። የኢሚግሬሽን ኬዙ ያልተቋጨለትም ሰው በዚህ ሰው እየታፈሰ በሚባረርበት ጊዜ ስሙን ይሰውር፤ መብቱ ነው። የምናገረው ለሌላው ነው። ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዘ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ የቤቱን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰ፣ ልጆቹን ያስመረቀ ሰው ምን እንዳይደርስበት ነው ስሙን የሚደብቀው?

የሚፈራው «ሰው ምን ይለኛል»ን ነው። ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የሠራበትን ዘመን ለዘመድ «ቢሮ ነኝ» ብሎ አሳልፎታል። ሴቬን ኢሌቨን ውስጥ የሌሊት ሺፍት የሠራችውን እህት ሀገር ቤት ያሉት የሒሳብ ሠራተኛ አድርገው ያውቋታል። በዚያ ሥራ ስንት ቤት ቆመ፣ ስንት ታናሽ ተማረ፣ ስንት እናት ታከመ! እንደ ወንጀል የምንደብቀው ይህን ነው። ያው ሥራውን የሚደብቅ ሰው ግን ዩቲዩብ ላይ ፊቱን ገልጦ፣ ሙሉ ስሙን ጽፎ፣ ስለ ቤተ መንግሥት ሽኩቻ ለሦስት ሰዓት ይከራከራል። በሰዓት ኪራይ የምናሰማቸውን የአማርኛ የሬድዮ ፕሮግራሞቻችንንም ስሙ። የአዲስ አበባ ወሬ፣ የአፓርትመንት ሽያጭ፣ የጠበቃ ማስታወቂያ፣ ደግሞ የአዲስ አበባ ወሬ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሱቅ ኪራይ ስለጨመረበት ሐበሻ፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ ስለ ጎረቤቶቻችን ስንት ደቂቃ ይሰጣል? ሬሳችን እንኳ እዚሁ መቀበር ከጀመረ ቆየ እኮ፤ እኛ ገና ሻንጣችንን እንዳልፈታን እናወራለን።

እኛ ደግሞ ሬድዮ የማናውቅ ሕዝብ አልነበርንም። ወጋየሁ ንጋቱ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያነብ የነበረውን ጸጥታ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሬድዮ ያለው ቤት ደጁን ከፍቶ ጎረቤቱን ያስቀምጥ ነበር። ጉዱ ካሣ ሲናገር እናቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይሰሙ ነበር። ዛሬም መዓዛ ብሩ በሸገር 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ላይ አንድ አዛውንት አቅርባ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስታስተርክ፣ የቨርጂኒያውም ሐበሻ በስልኩ ከፍቶ ሥራ እየሠራ ይሰማል፤ እንባውም ይመጣል። የሰው ሕይወት በሰውየው አንደበት ሲነገር ምን ያህል እንደሚጣፍጥ እናውቃለን። የራሳችን ተራ ሲደርስ ነው የምንሸሸው።

አሁን ደግሞ ጊዜው እየጠበበ ነው። በማርች 2025 የአሜሪካ ድምፅ ሥራው ሲቋረጥ ስለ አማርኛው አገልግሎት አዘንን፣ ተቆጣን፤ የሚገባ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ኮንግረስ ለሕዝብ ሬድዮና ቴሌቪዥን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሲሰርዝ ግን ከኛ መንደር ድምፅ አልሰማሁም። ገንዘብ ያጠረው ጣቢያ መቅረጫ አሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚልከው ሰው እየቀነሰ እንደሚሄድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በሩ ዘወትር ክፍት ሆኖ አይጠብቀንም።

እስከዚያው ያለው ይበቃል። በ2003 ኒው ዮርክ ላይ የተጀመረው ስቶሪኮር የተባለ ድርጅት የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎችን ለ40 ደቂቃ አስቀምጦ ይቀርጻል፤ ፈቃደኛ ከሆኑ ቅጂው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ብዙዎቹ አባቶቻችን በዚያ ሕንፃ ሥር ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ድምፃቸው ገብቶ ቢቀመጥ ምን ይጎድላል? ከ2015 ጀምሮ በስልክም መቅረጽ ይቻላል። ለአካባቢያችሁ ጣቢያ ደውላችሁ «አባቴ የሚናገሩት አላቸው» ማለትም ይቻላል።

የኛ ሰው የሕይወት ታሪኩ የሚነገረው አንድ ጊዜ ነው፤ አስከሬኑ ፊት፣ ከአንድ ገጽ ወረቀት፣ በሌላ ሰው አፍ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ «ወደ አሜሪካ መጥተው በልዩ ልዩ ሥራ ተሰማርተው»፣ አረፉ። ሠላሳ አምስት ዓመት የኖሩበት ከተማ በዚያች በአንዲት «ልዩ ልዩ ሥራ» ያልፋል። አባታችሁ፣ እናታችሁ በሕይወት ካሉ የዘንድሮው ገና ሳያልፍ አጠገባቸው ተቀመጡና አስቀርጿቸው። ስማቸውንም ከነአባታቸው ይናገሩ።