የጫካው መንገድ የማን ነው?

በዋሽንግተን አካባቢ ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለምንማር ኢትዮጵያውያን ቅዳሜ እንዴት እንደሚያልፍ የታወቀ ነው። ግማሹ ሥራ ይውላል፤ ግማሹ የሳምንቱን እንቅልፍ ያካክሳል፤ የቀረው ሲልቨር ስፕሪንግ ወርዶ በአንድ ሲኒ ቡና ሦስት ሰዓት ሙሉ የአገሩን ፖለቲካ ሲያነሣና ሲጥል ይመሽበታል። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም። ሥራውም፣ እንቅልፉም፣ ቡናውም ያስፈልጋል። ነገር ግን በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት የሕዝብ የሆነ ጫካ ተዘርግቶ ሳለ፣ ከመካከላችን ደጁን የረገጠው ጥቂት መሆኑ ሊያነጋግረን ይገባል እንላለን።

ጫካው ሮዘሪቪል ስቴት ፓርክ ይባላል። የሚገኘውም በሜሪላንድ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ፣ በአፐር ማርልቦሮ አጠገብ ነው። ስቴት ፓርክ ማለት የግዛቲቱ መንግሥት በሕዝብ ስም የያዘው፣ ለሕዝብም ክፍት ያደረገው መሬት ነው። በዚህ ጫካ ዳር ዳሩን ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመለስ፣ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቀጭን የአፈር መንገድ አለ። እግረኛውም፣ ፈረሰኛውም፣ ባለብስክሌቱም ይሄድበታል። የተራራ ብስክሌት ለሚጀምር ሰው ጥሩ መማሪያ ነው። ዳገቱ ረጅም አይደለም፤ ቁልቁለቱም አያስፈራም፤ ሆኖም የዛፉ ሥርና የመታጠፊያው ብዛት ሐሳብን ሌላ ቦታ አያስኬድም። ፈተና ሲያስጨንቀው የሰነበተ አእምሮ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ከፊት ጎማው በቀር የሚያስበው ነገር ሲያጣ፣ እንዴት እንደሚታደስ የሞከረ ያውቀዋል።

“ብስክሌት የልጅ ጨዋታ ነው፤ እኛ የመጣነው ለትምህርት ነው” የሚሉ ወንድሞች አሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው አጭር ነው። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ከሯጮቻችን ጋር ባለብስክሌቶቻችንም ተሰልፈው ነበር። እንግዲህ ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የወንድ ብቻ ነው የሚልም ካለ፣ መንገዱ ጾታ እንደማይጠይቅ እኅቶቻችን መጥተው ያሳዩት።

ሌላው ምክንያት የገንዘብ ነው። ይህ እውነት ነው፤ አዲስ የተራራ ብስክሌት ከተማሪ ኪስ ጋር አይተዋወቅም። ነገር ግን ስፖርቱ ራሱ የተወለደው በአሮጌ ብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ የነበሩ ወጣቶች ወፋፍራም ጎማ ያላቸውን ያረጁ ብስክሌቶች ሰብስበው፣ እየጠገኑ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል ይነዱ ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር “ሪፓክ” ተባለ። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ እየጋለ ግራሱ ስለሚቃጠል፣ ከሩጫው በኋላ እንደገና ግራስ መሙላት ያስፈልግ ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ። ለእኛም ሦስት ሆነን አንድ አሮጌ ብስክሌት ብንገዛ ይበቃናል። ፍሬኑ የሚይዝ፣ ጎማው ጥርስ ያለው ይሁን። ሄልሜት ግን ለየራስ ነው፤ በእርሱ ላይ ቁጠባ የለም።

ከእነዚያው ወጣቶች ታሪክ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። ነጂው በበዛ ጊዜ እግረኛውና ፈረሰኛው “አስደነገጡን፣ መንገዱን አበላሹት” ብለው አቤት አሉ። በዚያ ተራራ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቀጫጭን መንገዶችም ለብስክሌት ተዘጉ። በ1988 የካሊፎርኒያ ክበቦች ተባብረው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ሲያቋቁሙ አንድ ነገር ተረድተው ነበር። መንገድ ክፍት ሆኖ የሚቆየው መብት አለን በማለት ብቻ ሳይሆን፣ ነጂው ጨዋነትን ሲማርና አካፋም ሲያነሣ ነው። በዋሽንግተን አካባቢም ከ1992 ጀምሮ “ሞር” በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የባለብስክሌቶች ማኅበር አለ። አባሎቹ ያለ ደመወዝ ወጥተው መንገድ ይሠራሉ፤ ይጠግናሉ።

የጫካ መንገድ ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። ስለዚህ በኮረብታ ጎን ላይ ሲሠራ፣ በቁልቁለቱ በኩል ከመቶ 5 ያህል እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ ውኃው መንገዱን ተሻግሮ እንዲወርድ እንጂ መንገዱን ይዞ እንዳይሮጥ ነው። የመንገዱም ዳገትነት ከኮረብታው ጎን ዳገትነት ግማሹን እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። ዘመን ሲቆጠር ግን የታችኛው ጠርዝ አፈር እየያዘ እንደ ግድብ ይሆናል። ውኃውም መውጫ አጥቶ መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። ያን ጠርዝ በዶማና በአካፋ መልሶ መክፈት የሰው ጉልበት ይጠይቃል። ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ወይም በክረምት የበረደው መሬት እኩለ ቀን ላይ ሲቀልጥ የሚነዳ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ደስታው የብዙ ሰው ድካም ያጠፋል። የጎማው ፋና ነገ ጅረት ይሆናልና።

እዚህ ላይ “በሰው አገር ለምን ነጻ ጉልበት እንሰጣለን?” የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በመጀመሪያ፣ ሰዉ እንደሚያስበው መንገዱ በራሱ ክፍት ሆኖ አልቆየንም። በዚህች በሜሪላንድ ሳንዲ ፖይንት በሚባለው ስቴት ፓርክ ጥቁርና ነጭ በአንድ የመዋኛ ዳርቻ አይገናኙም ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ፍርድ ቤት ቆመው ተከራከሩ። በ1955 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሕዝብ መዋኛዎች ሰውን በቀለም መለየት አይገባም የሚለውን የይግባኝ ፍርድ አጸና። ዛሬ ማንም የፓርክ ዘበኛ ቀለማችንን አይቶ የማይመልሰን በእነዚያ ሰዎች ትግል ነው። ሌሎች የከፈቱልንን በር፣ ቢያንስ ጠርዙን መጥረግ ከእኛ ይጠበቃል።

ሁለተኛ፣ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። እኛ ደቦና ወንፈል የሚያውቅ ሕዝብ ልጆች ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ በአገራችን “የመንግሥት ነው” ሲባል ብዙ ጊዜ “የማንም አይደለም” ማለት ይሆናል። የተቆረጠውን ዛፍ የሚያይ ሁሉ “መንግሥት ምን ይሠራል?” ብሎ ያልፋል። የሕዝብ ንብረት የእኔም ነው ብሎ አካፋ ማንሣትን እዚህ የተለማመደ ተማሪ፣ ነገ እንጦጦ ወይም መናገሻ ጫካ ሲገባ የሚያይበት ዓይን ሌላ ይሆናል። ይህ ልምድ በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የሚከተለውን እናሳስባለን። በወር አንድ ቅዳሜ ለጫካው ይመደብ፤ መኪና ያለው የሌለውን ይጫን፤ ለጋራ ብስክሌቶች መግዣ አነስተኛ መዋጮ ይጀመር። መንዳትና መሥራት አይነጣጠሉ፤ የሥራ ቀን በተጠራ ጊዜ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር አካፋ እናንሣ፣ ቀጥሎ እንንዳ። መንገድ ላይ ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ እንስጥ። ፈረስ ሲመጣ ቆመን ድምፃችንን እናሰማ፤ እንስሳው ሰው መሆናችንን ሲያውቅ አይደነግጥም። ጭቃ ሲያጋጥመን በዳር እየዞርን መንገዱን አናስፋ። ስንመለስም መዥገር እንዳይኖር እግራችንንና ልብሳችንን እንፈትሽ፤ የዚህ አገር መዥገር በሽታ ያስተላልፋል።

የጫካው መንገድ የማን ነው ብለን ጠይቀን ነበር። በሕግ የሁሉም ነው። በእውነት ግን የእኔ ነው ለማለት አፉ የሚሞላው፣ በእጁ አፈር የነካ ሰው ነው። የሚቀጥለው የሥራ ቀን ሲወሰን ስማችሁን በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ አስፍሩ።