ርብቃ ተጠይቃ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ኦርቶዶክሳዊ ወጣት ገመናችንን ለዓለም የሚያሳይ ፊልም ሊያይ ይገባዋልን?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ጥያቄውን በጥቅሉ ከመመለስ በአንድ ፊልም ላይ አቁመን ብናየው ይሻላል፤ «ድፍረት» በተሰኘው።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአገራችን ከተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ የተነሣ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ትደፈራለች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ትገድለዋለች። ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም «ራሷን ለመከላከል ነው» ብለው ይቆሙላታል። ርእሱ ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ በቋንቋችን ድፍረት የጀግንነትም የመደፈርም ስም ነውና።

ፊልሙን የሚነቅፉ ወገኖች «ገመናችንን አደባባይ አወጣ» ይላሉ። ይህ ክርክር እኔን አያሳምነኝም። ገመናን መግለጥ በራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ የኦሪት ዘፍጥረት 34ኛው ምዕራፍ ባልተጻፈልን ነበር። ሴኬም የያዕቆብን ልጅ ዲናን በግድ ወሰዳት፤ ካስነወራትም በኋላ አባቱን አማላጅ አድርጎ መጣ፤ የተጠየቀውን ማጫ ሁሉ ሊከፍል ቃል ገባ። የአገራችን ጠለፋ ከዚህ በምን ይለያል? መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ በመጨረሻም ካሳና ጥሎሽ። በዚያ ምዕራፍ ወንዶቹ ሁሉ ይናገራሉ። ዲና ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም። 10 ምዕራፍ ቀደም ብሎ የርብቃ ቤተሰቦች ልጅቱን ጠርተው ከአብርሃም ሎሌ ጋር ለመሄድ ትፈቅድ እንደ ሆነ ጠይቀዋት ነበር፤ ፈቃዷንም ከአንደበቷ ሰሙ። ፍትሐ ነገሥታችንም በጋብቻ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ይሻል። እንግዲህ ጠለፋን «ባህላችን ነው» የሚል ቢገኝ እንኳ «ክርስትናችን ነው» ሊል አይችልም።

የመንግሥት ሕግም ቢሆን ለብዙ ዘመን ለሴኬም የሚያደላ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በሩ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በወጣው የወንጀል ሕግ ነው።

ስለ ግድያውስ ምን እንላለን? ቤተ ክርስቲያን ደም ማፍሰስን አትባርክም። ስምዖንና ሌዊ ስለ እኅታቸው ብለው የከተማውን ወንዶች በፈጁ ጊዜ አባታቸው አላመሰገናቸውም። ነገር ግን ልጅቱን ከመመዘናችን በፊት ወደዚያ ጎጆ ያደረሷትን እንመዝን። ጠላፊ ብቻውን አይሄድም። ፈረስ የሚጭን፣ መንገድ የሚጠብቅ፣ አፍ የሚያፍን ባልንጀራ ይከተለዋል፤ ወንድሜ ሆይ፣ ከእነዚህ መካከል ማዕተብ ያሰረ የለም ትላለህን? በማግስቱ ለእርቅ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከልስ መስቀል የያዘ አባት ቢገኝ፣ ልጅቱን አስጠርቶ ይጠይቃታልን?

ፊልሙን በተመለከተ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ተሰብስቦ ሳለ፣ በፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ። የክሱ መነሻ ታሪኳ የተወሰደባት ሴት ፈቃድ ነበር። በሕግ ረገድ ማን ትክክል እንደ ነበር መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም። ሳትጠየቅ ስለ ተወሰደች ልጅ የሚናገር ፊልም በዚሁ በፈቃድ ጉዳይ መከሰሱ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ለተበደለ እንናገራለን የምንል ሁሉ፣ ሰባኪም ብንሆን ጸሐፊ፣ ይህ ይመለከተናል።

ስለዚህ ዕድሜያችሁ የደረሰ እዩት እላለሁ፤ ለሕፃናት አይሆንም። ካያችሁት በኋላ በጉባኤ እንወያይበት። በዚያን ቀን ግን መድረኩን እንደ ልማዳችን እኛ ወንዶች አንጀምረው፤ እኅቶቻችን ይቅደሙ፣ እኛም እስኪጨርሱ እንስማ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።