ተዉአት፣ ትመልስ!

«አፍሽን ያዢ! ለታላቅ አይመለስም!» እያልን ያሳደግናትን ልጅ፣ ታክሲ ውስጥ የባለጌ እጅ ጭኗ ላይ ሲያርፍ «ለምን ዝም አልሽ?» ብለን እንቆጣታለን። ዝምታን ማን አስተማራት? እኛው፣ እናቶቿ!

ባለፈው እሁድ ቤቴ ቡና ተፈልቶ የ15 ዓመቷ ልጄ ሲኒ ታጥባለች። ታላቅ ወንድሟ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። «ስትጨርሺ ሽንኩርት ክተፊ» አልኳት። «እሱስ እጅ የለውም?» አለች። «ነገ ፈተና አለበት» ስላት «እኔስ?» አለችኝ። ተጯጯህን። በመጨረሻ ረታችኝና ሽንኩርቱ ለወንድሟ ደረሰው፤ እንባውን እየጠረገ ከተፈው።

ጎረቤቴ ሲኒዋን አስቀምጣ «ውይ! ይቺ ልጅ አፍ አውጥታለች። ለእናቷ እንዲህ የምትል ለባሏማ ምን ልትል ነው?» አለች።

የምን ባል? ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት! ደግሞስ ለባሏ ብትመልስ ምን ይጠበስ? ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት ትታዘዘው ያለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አድርጓቸዋል። እኛ ግን የተሻረውን ሕግ ማጀት ውስጥ ለሴት ልጆቻችን እስካሁን እናስጠናለን። ወንዱ ሲመልስ «ቆፍጣና»፣ ሴቷ ስትመልስ «ምላሰኛ»!

«ታዲያ ስድ ትሁን?» ትሉኝ ይሆናል። ስድብና መልስ ለየቅል ናቸው። ብትሰድበኝ አልታገስም። «ለምን?» ስትለኝ ግን ምክንያቴን መናገር አለብኝ፤ ምክንያት የሌለው ትእዛዝ ጉልበት ነው።

እውነቱን እናውጣው ከተባለ፣ የሚያስፈራን «ሰው ምን ይላል» ነው። ለጎረቤት ወሬ ስንል የልጃችንን አንደበት እንዘጋለን። ክፉ ቀን ሲመጣባት ያ ጎረቤት ፖሊስ ጣቢያ አብሯት አይሄድም፤ ፍርድ ቤትም አብሯት አይቆምም።

ክርክርን ከእናቷ ጋር ካልተለማመደች ከማን ጋር ትለማመድ? እኔ ብሸነፍላት ማታ አብረን እራት እንበላለን። ደሞዟን የሚበላ አሠሪ፣ ዓረብ አገር ልላክሽ የሚል ደላላ፣ እጁን የሚያነሳ ባል ግን አይምራትም። እነሱ ፊት የምትናገረውን ቃል ዛሬ እኛ ላይ ትሞክረው። መልሷ ከቆረቆረን፣ የተሻለ መልስ ይዘን እንምጣ!