ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ የሚጻፍ ወሬ ሊመረመር ይገባዋል

ወሬን ለሕዝብ የሚያደርስ ሰው እንደ ምስክር ይቈጠራል። ምስክርም ያየውን አየሁ፥ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ካልተናገረ ዳኛውን ያሳስታል። ይህ ሥርዓት ለታላቁ ጉዳይ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ስለ ጨዋታ ለሚጻፈውም ወሬ ይገባል። ዛሬ ልንናገርበት የፈለግነው በዚህ ዘመን ቼስ ስለሚባለው ስለ ሰንጠረዥ በጋዜጣ የሚጻፈው ነገር ነው።

አንዳንድ ሰው «ጨዋታ ነውና ጥቂት ቢሳሳት ምን ይጐዳል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የሰንጠረዥ ወሬ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። በሱዳን ጠረፍ በአብደራፊ የሚኖር አንባቢ በባሕር ማዶ የተደረገውን ጉባኤ ሄዶ ሊመረምር አይችልም፤ ጋዜጣው የነገረውን አምኖ ይቀበላል። የተጻፈለትን የሰንጠረዥ ጨዋታ ግን ገበታውን ዘርግቶ፥ ጠጠሩን ደርድሮ፥ እርምጃውን አንድ በአንድ እየተከተለ በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ጸሐፊው ፈረሱን ወደማይደርስበት ቤት ልኮት እንደ ሆነ ወዲያው ይገለጥበታል። በዚህ የተሳሳተውን ጋዜጣ ስለ ሰሊጥ ዋጋና ስለ መንግሥት ትእዛዝ ሲነግረው እንዴት ያምነዋል?

ስሕተቱ በብዙ መንገድ ይመጣል። አንዱ ቍጥር ነው። በፈረንጆች 1972 ዓመት አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር የሩሲያውን ቦሪስ ስፓስኪን በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ 12 ተኩል ለ8 ተኩል አሸነፈው። ድምሩ 21 ስለ ሆነ ጸሐፊው «21 ጊዜ ተጫወቱ» ቢል ይሳሳታል፤ ፊሸር በ2ኛው ጨዋታ ስላልቀረበ ነጥቡ ለስፓስኪ ተሰጠ እንጂ በገበታ ላይ የተጫወቱት 20 ጊዜ ነው። ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። ያ ውድድር የተፈጸመው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 1 ቀን፥ በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ወሩን ሳያይ 7 ዓመት ብቻ የቀነሰ ሰው ግን 1965 ብሎ ይጽፋል።

ሦስተኛውና የሚከፋው ሳይመረመር የሚቀዳ ነገር ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ በ1914 በሴንት ፒተርስበርግ ለአምስት ተጫዋቾች የታላቅ ሊቅነት ማዕርግ ሰጡ ተብሎ በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። ከአምስቱ አንዱ ማርሻልም በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተናግሯል። ዳሩ ግን የጨዋታውን ታሪክ የሚመረምሩ ሰዎች በዚያው በ1914 የተጻፈ ማስረጃ ፈልገው አላገኙም። አንዱ ከአንዱ መቅዳቱ ምስክሩን አያበዛውም።

በአገራችንም ሰንጠረዥ ይህ ጥንቃቄ ይፈለጋል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ይጫወቱ እንደ ነበረ የጻፈው ዞርዚ ከመንገደኞች ሰምቶ ነው። ሔንሪ ሶልት ግን ራስ ወልደ ሥላሴ በትግሬ ሲጫወቱ በዐይኑ አይቶ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ተናገረ። የእንግሊዙ መሬይ በ1913 ስለዚሁ ሲጽፍ የተጓዦችን መጽሐፍ ሰብስቦ ነው። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። ደግሞም በእኛ ሥርዓት የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ያንቀሳቅሳሉ። የፈረንጁን ሕግ ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ ይህን ስሕተት መስሎት ቢያቃናው፥ እውነተኛውን ነገር አጠፋ እንጂ አላረመም።

መድኀኒቱ ከእኛ የራቀ አይደለም። በገዳማችን ቁም ጸሐፊው የቀዳውን ከጥንቱ መጽሐፍ ጋራ ያስተያያል። እንዲሁም የጋዜጣ ጸሐፊ ጨዋታውን ከማሳተሙ በፊት በገበታ ላይ አንድ ጊዜ ይጫወተው፤ የሰዎቹን ስም፥ ቦታውንና ቀኑን ከነአቈጣጠሩ ይግለጥ፤ ከማን እንደ ሰማ ይናገር፤ የተሳሳተ እንደ ሆነም በዚያው ገጽ ያርም። የጥንቱን ሰንጠረዥ ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ በጎንደርም ሆነ በመተማ ቈላ ቢገኝ፥ የአገሩ ሹማምንትና ካህናት ቃሉን ከነስሙና ከነቀኑ ቢያስጽፉ ለሚመጣው ትውልድ ታላቅ ውለታ ነው። በጥቂቱ የታመነ ጋዜጣ በብዙው ይታመናልና።