ታምቡሩ እምቢ ሲል

የዛሬው ጭውውታችን ስለ ኋላ እግር ፍሬን ነው። «እኔ መኪና የለኝም፤ ይህ ነገር ምን ይመለከተኛል?» ብለው ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። መኪና ባይኖርዎት የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል ይነዱ ይሆናል፤ እርሱም ባይኖር በባጃጅ ይሳፈራሉ፤ ለዕረፍት ወደ አገርዎ ሲወርዱም በካሚዮን ጋቢና ይቀመጣሉ። ባጃጁ፥ ለገጠር ሥራ የተለመደው ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ሞተር ሳይክል፥ ብዙው ፒክአፕም በኋላ እግሩ የሚቆመው በታምቡር ፍሬን ነው።

ቆቦን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1470 ሜትር ገደማ ላይ፥ በራያ ሜዳ የተቀመጠች ናት። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ነጂው ሳምንቱን ሙሉ ከጎብዬ ሮቢት፥ ከቆቦ ዋጃ ሲመላለስ ፍሬኑን አጥብቆ የሚረግጥበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። የፍሬኑም ድካም ሳይታወቅ ይቆያል። ይኸው ነጂ ግን አንድ ቀን ወደ ሰሜን ይወጣና ጭነት ይዞ ከኮረም ወደ አላማጣ በግራካሱ ይመለሳል። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ተራራውን እየጠመዘዙ የሠሩት ይህ መንገድ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። 5 ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፥ የሚፈጠረው ሙቀት 140 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ከሸራውም ይርቃል። ሸራውም ከመጠን በላይ ሲሞቅ መያዙን ይተዋል። ነጂው ይረግጣል፤ መኪናው ግን አይሰማም። ስለዚህ ቁልቁለትን፥ ዳገት ቢሆን በሚወጡበት ማርሽ መውረድ እንጂ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ነፍስን አሲዞ መጫወት ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ዛሬ የምናውቀውን የታምቡር ፍሬን በ1902 እ.ኤ.አ. ያስገኘው ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከጎማው ጋራ የሚዞር ድስት መሰል ብረት አለ፤ እርሱ ታምቡር ይባላል። በውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች አሉ። ፍሬን ሲረገጥ ዘይት የትንሿን ሲሊንደር ፒስተኖች ይገፋል፤ ሁለቱ ብረቶች ወደ ውጭ ተከፍተው ታምቡሩን ከውስጥ ያንቁታል። ሲለቀቅ ሞላ ይመልሳቸዋል። ሁሉም ነገር በክዳን ውስጥ ስለሆነ ጥፋቱም የተሸፈነ ነው፤ ካልከፈቱት አያዩትም።

ችግሩ ያለው ከመክፈቱ ላይ ነው። ለዓመታት ያልተከፈተ ታምቡር ጎማው ወልቆ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው መዶሻ ያነሣል። ከመዶሻው በፊት ግን «የያዘው ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የሚይዘውም ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው።

አንደኛው የመካከሉ ዝገት ነው፤ ታምቡሩ ከእምብርቱ ጋራ ተጣብቋል። ሁለተኛው ከንፈር ነው፤ ሸራው ታምቡሩን እየፋቀ ሲበላው ጠርዙ ሳይበላ ይቀርና እንደ ከንፈር ወደ ውስጥ ይወጣል፤ ሸራውም ከኋላው ይያዛል። ሦስተኛው ሸራው ራሱ ከታምቡሩ ጋራ ሲዛገት ነው። ሆርማትና ጎሊና በክረምት ከደጋው ደለልና አሸዋ ይዘው ወደ ቆቦ ሜዳ ይወርዳሉ። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለፈ መኪና የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ብዙ ቀን ቢቆም ይህ ይደርስበታል።

መፍትሔው እንደ ምክንያቱ ነው። አስቀድሞ መኪናውን በደልዳላ መሬት ያቁሙ፤ የፊት ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በታኮ ይያዙ፤ በክሪክ ካነሡ በኋላ በጠንካራ መቆሚያ ያስደግፉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ይህን ዘንግቶ ግማሽ ቀን የሚታገል ሞልቷል። ታምቡሩን የያዘች ትንሽ ብሎን ካለችም ያውጧት።

የያዘው ዝገት ከሆነ በእምብርቱ ዙሪያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያንጠባጥቡና ይታገሡ። ከዚያ ታምቡሩን ይመልከቱ፤ በብዙዎቹ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ልካቸው የሆኑ ሁለት ብሎኖች አስገብተው አንዱን ትንሽ፥ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቁ ቢያጠብቁ ታምቡሩ በራሱ ይወጣል። መምታት ካስፈለገ የጎማው ብሎኖች ባሉበት ፊት ላይ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይምቱ እንጂ ጠርዙን አይምቱ። ታምቡር ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

የያዘው ከንፈሩ ከሆነ ከጀርባ ባለው ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ ያስገቡና ጥርስ ያላትን ማስተካከያ ወደ ኋላ ያዙሯት። ሸራው ይሰበሰባል፤ ታምቡሩም ይለቃል። ማስተካከያዋ በራሷ የምታጠብቅ ዓይነት ከሆነች የያዛትን ምላስ በሁለተኛ ካቻቢቴ ማራቅ ያሻል።

ታምቡሩ ከወጣ በኋላ ውስጡን በአፍዎም በኮምፕረሰርም አይንፉ። በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ አቧራው ለሳንባ መርዝ ነው፤ በውሃ አርጥበው ይጥረጉት። ታምቡሩ ወልቆ ሳለም ማንም ፍሬን እንዳይረግጥ ያስጠንቅቁ፤ ፒስተኖቹ ይወጣሉ። ከዚያ የሸራውን ውፍረት ይዩ፤ በብዙ ትንንሽ መኪናዎች ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አልቋል። በሲሊንደሩ ጎሚኒ ዘይት ያረጥባልን? ታምቡሩ ተሰንጥቋልን? ሊሰፋ የሚችልበት የመጨረሻው ልክ ብዙውን ጊዜ በራሱ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ካለፈ በቶርኖ ማስጠረቡ አያድነውም። ሸራ ሲለወጥ የግራና የቀኙ አብሮ ይለወጣል፤ ግን አንዱን ወገን ጨርሰው ሌላውን ይክፈቱ፤ ያልተነካው ለሞላዎቹ አቀማመጥ መምህር ይሆንዎታል።

ሲመልሱ የእምብርቱን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉና እጅግ ስስ ግራሶ ይቀቡት፤ የሚመጣው መካኒክ ያመሰግንዎታል። ግራሶው ሸራውን ከነካ ግን ፍሬን የለዎትም።

የፍሬን ዘይትም አይረሳ። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ።

መኪናው ውሃ ከተሻገረ በኋላ ፍሬኑን በቀስታ እየነካኩ ጥቂት ይንዱ፤ ሸራው ይደርቃል። ለብዙ ቀን የሚቆም ከሆነም በሜዳ ላይ ማርሽ አስገብተው በታኮ ይያዙት እንጂ የእጅ ፍሬን አይሳቡ። ሲነሡ ታኮውን ያንሡ፤ በመንገድ መካከል የቀረ ድንጋይ ለኋለኛው መንገደኛ ጠንቅ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፤ እርስዎ መፍቻ የማይጨብጡ ቢሆኑም አንድ ነገር ይችላሉ። የጎማ ጠረን ሲከፋ፥ አንዱ እግር ከሌሎቹ ይልቅ ሲግል፥ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሲስብ ሾፌሩን ይጠይቁ። የጥገና መጠየቂያ በጠረጴዛዎ ላይ ሲመጣም «ይሄዳል እኮ!» ብለው አያሳድሩት። መሄዱንማ ይሄዳል፤ ጥያቄው በግራካሱ ላይ ይቆማል ወይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?